የንስሐ አባቴን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን መርጫለሁ። ጸሐፊው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬ፣ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ወላጆቻችን ሲያርፉ ደሴ ያለው ቤት ለእኔና ለእህቴ ደረሰን። እህቴ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። መምጣት ስላልቻለች ውክልና ላከችልኝ። በ2010 ዓ.ም. ቤቱን በ2 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ሸጥኩት። ለእሷ ግን በ1 ሚሊዮን 400 ሺህ ተሸጠ አልኳት። ግማሹን፣ 700 ሺህ ብር፣ በስሟ ባንክ አስገባሁላት። በቀረው አዲስ አበባ ግቢዬ ውስጥ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ሠርቼ አከራይቻለሁ። ባለቤቴ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነው የሚመስላት።

«ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ‹መጀመሪያ የእህትህን መልስ፤ ከዚያ ና፣ ቀኖና እሰጥሃለሁ› አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ሌላ የንስሐ አባት ያዝኩ። እሳቸውም ያንኑ አሉኝ። ሦስተኛው ጋ ስሄድ ይህን ነገር ትቼ ሌላ ሌላውን ብቻ ተናዘዝኩ። አሁን እሑድ እሑድ ሥራ ፈልጌ እገባለሁ። ወንጌል ሲነበብ ሆዴ ይረበሻል። ባለፈው ወር ትንሹ ልጄ በሳንባ ምች ተኝቶ ነበር። የዮናስ ማዕበል መጣብኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

«እህቴ ደግሞ በቅርቡ በኢሞ እንዲህ አለችኝ፦ ‹ለቤት መሥሪያ ያሰብኩት አልሞላልኝም። ኮንትራቴ መጋቢት ላይ ያልቃል፤ ለሁለት ዓመት ላድስ ነው። ጸልይልኝ።› ጾመ ነነዌ እየደረሰ ነው። ዘንድሮ ሦስቱንም ቀን እህል ውኃ ሳልቀምስ ላሳልፍ አስቤያለሁ። ይበቃኛል?»

ወንድሜ፣ ዕድሜህ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኩል ነውና አንተ ብልህ ቅር አይበልህ።

አይበቃህም። ይህን አንተም ታውቀዋለህ። ባታውቀው ኖሮ ደብዳቤውን አትጽፈውም ነበር።

መጾምህን አልከለክልህም። ጹም። ግን ልትጾም ያሰብከው ጾም ራሱ ምን እንደሚልህ ስማው። ጾመ ነነዌ ከሰባቱ አጽዋማት አጫጭሮቹ አንዱ ነው። ሰኞ ተይዞ ረቡዕ ያልቃል። መግቢያው ከጥር 17 አይቀድምም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም። ያም ሆኖ በልጅነቴ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነበር፤ አያቴ እንስሳቱም አብረው ጾሙ ስትለኝ የጎረቤታችን ጥጃ ታሳዝነኝ ነበር። ታሪኩን ታውቀዋለህ። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ፣ አመድ ላይ ተቀመጠ። ሰውም ከብትም አንዳች እንዳይቀምስ አዋጅ አስነገረ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። አዋጁ ግን አላበቃም። ሰዎቹ ሁሉ ከክፉ መንገዳቸውና «በእጃቸው ካለው ግፍ» ይመለሱ ይላል። ትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 3፣ ቁጥር 8 ላይ ታገኘዋለህ።

በእጃቸው ካለው። በልባቸው ካለው አላለም።

ሁለት ቁጥር ዝቅ በል። እግዚአብሔር ምን እንዳየ ተጽፏል፤ ከክፉ መንገዳቸው እንደ ተመለሱ ሥራቸውን አየ። ማቃቸውን አየ፣ ጾማቸውን አየ የሚል ቃል እዚያ ቦታ ላይ የለም። የአይሁድ ሊቃውንትም ይህችን ነገር ጥንት ልብ ብለዋታል። «በእጃቸው ካለው ግፍ» የሚለውን ሲፈቱ፣ የሰው ምሰሶ ሰርቆ ቤት የሠራበት ሰው ቤቱን በሙሉ አፍርሶም ቢሆን ምሰሶውን ለባለቤቱ ይመልሳል ብለው ነው። ደብዳቤህን ሳነብ ያ ምሰሶ ትዝ አለኝ። አንተ ግቢ ውስጥ ሦስት ክፍል ቆሟል።

ስለ ዮናስ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ዮናስ የኮበለለው ቃሉ ስላልገባው አይደለም። ገብቶታል። «ተነሥተህ ወደ ነነዌ ሂድ» ነው የተባለው፤ ከዚህ የቀለለ አማርኛ የለም። ነነዌ ያለችው በምሥራቅ ነው፣ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ሞሱል ካለችበት ቦታ፣ ጤግሮስ ወንዝ ዳር። እሱ ግን ወደ ምዕራብ ዞረ። ወደ ኢዮጴ ወረደ፣ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አገኘ። መጽሐፉ እዚህ ጋ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል፤ «ዋጋ ሰጥቶ» ይላል። ለሽሽቱ ከኪሱ ከፈለ። ስትሸሽ መርከብ አይጠፋም፤ ሁልጊዜ ወደ ተርሴስ የምትሄድ አንዲት ትገኛለች። ትኬቱን ግን ማንም አይገዛልህም።

አንተም እየከፈልክ ነው። የመጀመሪያውን የንስሐ አባትህን አጣህ። ሁለተኛውን አጣህ። ሦስተኛው አሉህ፣ ግን አያውቁህም። እሑድን አጣህ። ከባለቤትህ ጋር ተቀምጠህ የኪራይ ብር ስትቆጥሩ ዓይኗን ማየት አጣህ። ይህን የመጨረሻውን አልጻፍክልኝም፤ ግን ይኖራል ብዬ እገምታለሁ።

ሌላም አለ። ማዕበሉ መሃል መርከበኞቹ ማን ነህ ሲሉት ዮናስ ምን አለ? ባሕሩንና የብሱን የፈጠረውን የሰማይ አምላክ አመልካለሁ አለ። እየሸሸ! ውሸትም አልነበረም። ለዚህ ነው ከእግዚአብሔር ቃል የሚሸሽ ሰው ሁልጊዜ ጭፈራ ቤት አይገኝም የምለው። ነጠላ ለብሶ፣ ማኅበር ገብቶ፣ ጾም ጠብቆ፣ አንዲቱን ነገር ብቻ እየዘለለ የሚኖር ብዙ ነው። ሁሉን ይታዘዛል፣ ያቺን አይታዘዝም። ያቺን ላለመታዘዝ ሲል ሌላውን ሁሉ እጥፍ ያደርጋል። አንተ ሦስት ቀን እህል ውኃ አልቀምስም ስትል እኔ የሰማሁት ይህን ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ብሳሳት ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ልጅህ። እዚህ ላይ አጥብቄ ልናገርህ። የልጅህን ሳንባ ምች ከዚህ ነገር ጋር አታገናኘው። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲባል፣ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሏል። ልጅህ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጠው፣ ተመልሶ ካሳለው ውሰደው። «በእኔ ኃጢአት ታመመ» የሚል ነገር በጆሮው እንዳይሰማ። ፍርሃት ገንዘቡን ቢያስመልስህ እንኳ፣ ልጁ ሲድን ፍርሃቱም አብሮ ይሄድና መልሰህ ትሸሻለህ። ያ ልጅ የአንተ ማስፈራሪያ ሆኖ እንዲያድግ አልፈልግም።

ማዕበሉን ማየት ከፈለግህ ኩዌትን ተመልከት። ዮናስ የነበረባት መርከብ ላይ ምንም የማያውቁ ሰዎች ዕቃቸውን ባሕር ውስጥ እየጣሉ ነበር። እሱ ታች ወርዶ ተኝቷል። እህትህ ዕቃዋን እየጣለች ነው። የምትጥለው ዓመቷን ነው። በሰው ቤት፣ በሰው ወጥ ቤት፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ የምታሳልፈው ሁለት ዓመት። «አልሞላልኝም» አለችህ። ያልሞላው የት እንዳለ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። «ጸልይልኝ» አለችህ። የምትጸልይበት ገንዘብ አንተ ግቢ ውስጥ ቆሞ በየወሩ ኪራይ ይከፈልበታል። ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ተነሥቼ ቆምኩ።

ስለ መሸሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምጽፍልህ። ተማሪ ሳለሁ ሰፈራችን አንዲት ሱቅ ያላቸው እናት ነበሩ። ዱቤ ይሰጡኝ ነበር፤ ሳሙና፣ ዳቦ፣ ሻማ፣ ደብተር። 340 ብር ደረሰ። ሥራ ስይዝ ከመጀመሪያው ደሞዜ እከፍላለሁ ብዬ ነበር። አልከፈልኩም። ሁለተኛውም ሄደ። ከዚያ አፈርኩና መንገድ ቀየርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በላይኛው መንገድ ዞሬ ቤቴ ገባሁ፤ ዝናብ ሲሆን ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። እኔ ግን በየቀኑ ጸሎቴን አደርስ ነበር። አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ ቆሜ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያለው ተነበበ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው። ወጥቼ ሄድኩ። ሱቁ ተዘግቷል። እሳቸው ካረፉ አራት ወር ሆኗቸዋል።

ልጃቸውን አገኘኋት። ብሩን ሰጠኋት። ምንም አላለችኝም። ጓዳ ገብታ የዱቤ ደብተሩን አወጣች። ስሜ በእናቷ እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ አንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል። ከሥሩ ሳሙናው፣ ዳቦው፣ ሻማው። ልጅቷ ማስመሪያ ፈልጋ አምጥታ በስሜ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። በእጇ ጫር ማድረግ ትችል ነበር፤ ማስመሪያ ፈለገች። እኔ እዚያው በሩ ላይ አለቀስኩ። እናቷን ይቅርታ ለማለት ግን ጊዜው አልፎብኛል። አንተ አላለፈብህም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ብሩን በትክክል እናስላ፣ ምክንያቱም ሰው ልመልስ ሲል እንኳ ሌላ መርከብ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። ድርሻዋ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ነበር። 700 ሺህ ሰጠሃት። በእጅህ ያለው 600 ሺህ ነው። ነገ 600 ሺህ ብትልክላት መለስኩ ትላለህ? በ2010 አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 600 ሺህ ብር ማለት 22 ሺህ ዶላር ያህል ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሆነውን ታውቃለህ። አንዱን ዶላር በ100 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ 22 ሺህ ዶላር 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው። በዚያ ላይ በእሷ ገንዘብ በተሠራው ቤት ስትሰበስብ የኖርከው ኪራይ አለ።

ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ኦሪት የሰው ገንዘብ ያስቀረ ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምርበት ትላለች። ዘኬዎስ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። እኔ ይህን ያህል ክፈል ብዬ ቁጥር አልቆርጥልህም። ቁጥሩን የምትቆርጡት አንተና እሷ ናችሁ፤ የንስሐ አባትህ ይመክሩሃል። የምለምንህ በ2010 ብር ቆጥረህ በዛሬ ብር ከፍለህ እንዳትገላገል ነው። ያ ሁለተኛ ማታለል ይሆናል።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ላይኖርህ ይችላል። ያለህን አሁን፣ የቀረውን በጽሑፍ። የሦስቱ ክፍሎች ኪራይ ከዚህ ወር ጀምሮ በቀጥታ በእሷ ሒሳብ ይግባ። ወይም ንብረቱ ላይ ድርሻዋን በስሟ አድርግላት፤ ይህ ግን የግቢው ካርታ በማን ስም እንዳለ ስለሚጠይቅ የሕግ ባለሙያ አማክር። በነገራችን ላይ ተወካይ የሆነ ሰው ለወካዩ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ በሕግም አለበት። እህትህ ፍርድ ቤት ብትሄድ መብቷ ነው። ይህን የምልህ ላስፈራራህ ሳይሆን፣ ሽማግሌ ሰብስበህ «የቤታችንን ነገር ፍርድ ቤት አታውጪው» እንዳትላት ነው።

መጀመሪያ ባለቤትህ። ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። እሷ ከእህትህ ቀድማ መስማት ያለባት የበለጠ ስለሚገባት አይደለም። ሳይነገራት ኪራዩ ወደ ሌላ ቢሄድ በቤታችሁ ሁለተኛ ውሸት ስለሚጀመር ነው። ትቆጣለች። ትቆጣ። ምናልባትም «ለልጆቻችን አስብ» ትልሃለች። ያኔ ልጆቹን ያሳደገው የአክስታቸው ገንዘብ መሆኑን በለሆሳስ ንገራት።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው የንስሐ አባትህ ተመለስ። ወደ ሦስተኛው አይደለም። «መልስ» ያሉህ እሳቸው ናቸው። ለምን ቀረህ ብለው ይቆጡኛል ብለህ ታስብ ይሆናል። ትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 3 የሚጀምረው የእግዚአብሔር ቃል ሁለተኛ ጊዜ ወደ ዮናስ መጣ ብሎ ነው። ለምን ሸሸህ የሚል የለበትም። ያው ቃል ነው፤ ተነሥተህ ወደ ነነዌ ሂድ። አልተቀነሰለትም፣ አልተጨመረበትም። ሁለተኛ ጊዜ መጣለት ብቻ። እኔ በመጽሐፉ ውስጥ ከዓሣው ይልቅ የምደነቀው በዚህ ነው።

ከዚያ እህትህ። ዕረፍቷ ዓርብ ከሆነ ዓርብ ደውልላት። ሥራ ላይ እያለች፣ እመቤቲቱ እየጠራቻት አትንገራት። በጽሑፍም አትላክ፤ ብቻዋን አንብባ ብቻዋን እንዳትወድቅ። እዚያ አብራት የምትሠራ ጓደኛ ካለቻት ያን ቀን አጠገቧ እንድትሆን አድርግ። የሽያጭ ውሉን ኮፒ አጠገብህ አስቀምጥ። ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፍ፣ ምላስህ እንዳይተሳሰር። አጭር አድርገው። «ቤቱ የተሸጠው በ2 ሚሊዮን 600 ሺህ ነው። ዋሽቼሻለሁ። የአንቺን 600 ሺህ ወስጄ ሰርቪስ ሠራሁበት። ልመልስልሽ ነው፤ እንዴት እንደምመልስ እንነጋገር።» በቃ። ከዚያ ዝም በል፣ እሷ ትናገር።

«ሰይጣን አሳስቶኝ» አትበላት። ኑሮ ከብዶኝ አትበላት፣ ለእሷም ከብዷታል። «ክርስቲያን ይቅር ይላል» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከአፍህ እንዳትወጣ። ይቅርታዋ የእሷ ነው፤ ለእግዚአብሔር ታዝዛ ስትሰጥህ ትቀበላለህ እንጂ በጥቅስ አታስወጣትም። ብትዘጋብህ መልሰህ መላልሰህ አትደውል። ገንዘቡን ግን ብትዘጋብህም ላክ። መመለሱ በይቅርታዋ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም።

ሰላም ወዲያው ይመጣልሃል ብዬ አልዋሽህም። ዮናስ ታዞ፣ ሰብኮ፣ ከተማዋ ድና፣ እሱ ግን ከከተማዋ ውጭ ተቀምጦ ሞቴን በሰጠኸኝ ይል ነበር። አንተም ከደወልክ በኋላ ያ ሌሊት ይከብድሃል። እህትህ አንድ ዓመት ላታናግርህ ትችላለች። ደሴ ያሉ ዘመዶች ይሰማሉ፣ ለቅሶ ቤት ላይ ያወራሉ። ይህ ሁሉ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ወር ኪራይ በስሟ ያስገባህበትን ደረሰኝ ግን ፎቶ አንሥተህ ላክላት፣ ባትመልስልህም። የሚቀጥለውንም ላክ።

ጾሙ የየካቲት መጨረሻን አያልፍም፤ የእህትህ ኮንትራት ደግሞ መጋቢት ላይ ያልቃል። ወረቀቱን ገና አልፈረመችም። ከመፈረሟ በፊት ደውልላት።